ሞተሩ ራሱን እንዲያጠፋ፦ ለአሮጌ የናፍጣ ጄኔሬተር የኤሌክትሮኒክስ ጠባቂ አገጣጠም፣ ደረጃ በደረጃ

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። የዳቦ ቤቱ ዘበኛ ተነሥቶ ጄኔሬተሩን አስነሣና ወደ ጎጆው ተመለሰ። በዚያው ሌሊት የሞተሩ ቺንጊያ ተበጠሰ። ያ ቺንጊያ ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም አንድ ላይ የሚያዞር ነበር። ሰሌዳው ላይ የባትሪ ምልክት ያላት ቀይ መብራት መብራቷ አይቀርም፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሆና ግን ማን ይያት? ውሃው ፈላ፣ ተነነ፣ አለቀ። ጠዋት ተጠርቼ ስደርስ ቴስታታው ተሰንጥቋል፣ ፒስቶኖቹ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቀዋል፣ ሞተሩ በረጅም ቁልፍ እንኳ ሲገፉት ንቅንቅ አይልም። የሙቀት ስዊች ነበረው። ሽቦው ግን ተቆርጦ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ማን እንደቆረጠው የሚያውቅ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ የምገጥመው ጠባቂ ሁሉ ሁለት ነገር እንዲያሟላ እፈልጋለሁ። ሽቦ ቢበጠስ ወይም ቫልቮላ ቢቃጠል ሞተሩ ይቁም፤ ያለ ጠባቂ መሥራቱን አይቀጥል። ደግሞም ብልሽቱን አስመስዬ ፈጥሬበት ሲያቆም በዓይኔ ካላየሁ፣ ተገጠመ ብዬ ሒሳብ አልቀበልም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቆመ ነው።

የምናወራው በሜካኒካል የናፍጣ ፓምፕ ስለሚሠራ፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ በደቂቃ 1500 ዙር እየዞረ 50 ሄርዝ ስለሚሰጥ ከ20 እስከ 60 ኬቪኤ ስላለው ጄኔሬተር ነው። ሞተሩ የራሱ ኮምፒውተር ካለው መከላከያው አብሮት የመጣ ስለሆነ ከአምራቹ መመሪያ ውጭ አትንኩት። የእሳት አደጋ ፓምፕ የሚያዞር ናፍጣ ሞተርም በዚህ አሠራር አይመራም። እሳት ሲነሣ በራሱ የተነሣ የእሳት ፓምፕ ዘይቱ ቢቀንስም፣ ውሃው ቢሞቅም እያስጠነቀቀ መሥራቱን እንዲቀጥል ነው መስፈርቱ የሚያዘው፤ በራሱ የሚያቆመው ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ነው። እዚያ የሚድነው ሕንፃውና ሰው ነው።

ደረጃ 1፦ ሞተሩ በምን እንደሚጠፋ እወቁ

የቤንዚን ሞተር የሻማውን ብልጭታ ብትነሡት ይጠፋል። ናፍጣ ሻማ የለውም፤ አየሩን አምቆ በሙቀቱ ስለሚያነድ፣ የሚጠፋው ናፍጣው ሲቋረጥበት ነው። ስለዚህ ሥራው ሁሉ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ላይ ያርፋል፦ ናፍጣውን የሚቆርጠው ሶሌኖይድ።

ሶሌኖይዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ናፍጣውን ከፍቶ ይይዛል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ስፕሪንጉ ይዘጋዋል። ሁለተኛው የተገላቢጦሽ ነው፤ ለማጥፋት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ሁለተኛው ዓይነት ካላችሁ ባትሪው በሞተ፣ ሽቦው በላላ ጊዜ ሞተሩን የሚያቆመው ነገር የለም። የእናንተ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ሞተሩ ያለ ጭነት እየሠራ የሶሌኖይዱን ሽቦ ንቀሉ። ከጠፋ አንደኛው ነው። ካልጠፋ ገንዘብ ጨምሩና ወደ አንደኛው ቀይሩት። ከዚህ የሚበልጥ ማሻሻያ በጠቅላላው ሥራ ውስጥ የለም።

ፓምፑ በእጅ የሚሳብ የማጥፊያ ዘንግ ብቻ ካለው፣ ስፕሪንግ ወደ "ማጥፊያ" እንዲስበው፣ ሶሌኖይዱ ደግሞ ወደ "መሥሪያ" እንዲስበው አድርጋችሁ ከብረት በተሠራ መያዣ ላይ ትገጥማላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። ባለ ሁለት ጥቅል ሶሌኖይድ ለመሳብ ብዙ አምፔር ይወስዳል፤ ልቡ እስከ መጨረሻው ገብቶ ሲቀመጥ ግን በአንድ አምፔር ገደማ ይይዛል። ዘንጉ አጭር ሆኖ ልቡ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ ሳይገባ ከቀረ የመሳቢያው ጥቅል ሳይለቅ ይቆይና በደቂቃዎች ውስጥ ይቃጠላል። ስለዚህ የዘንጉን ጉዞ በካሊፐር ለኩ፣ ልቡ "ጠቅ" ብሎ እስከ መጨረሻው እስኪገባ አስተካክሉ፣ ከዚያ ብሎኑን አጥብቁ።

ደረጃ 2፦ ዕቃውን ሰብስቡ

ዋናው ዕቃ የጄኔሬተር መቆጣጠሪያ ሞጁል ነው፤ ትንሽ መስኮት ያለው፣ የዘይት ግፊት፣ ሙቀት፣ ሄርዝና የባትሪ ቮልት የሚያሳይ። አዲስ አበባ ውስጥ ሶማሌ ተራና የጄኔሬተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ብዙ ዓይነት አላቸው። ስትገዙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "የሴንሰሩ ሽቦ ሲበጠስ ለይቶ ያውቃል?" የማያውቅ ከሆነ ርካሽነቱ አያጓጓችሁ።

ከእሱ ጋር የዘይት ግፊት ሴንሰር፣ የዘይት ግፊት ስዊች፣ የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ ሲሞቅ የሚከፍት የሙቀት ስዊች፣ የራዲያተር ውሃ መጠን መለኪያ ዘንግ፣ ሁለት ባለ 12 ቮልት ሪሌ፣ ተጭኖ የሚቆለፍ ቀይ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ፣ ቫልቮላ ከነቤቱ፣ 1.5 እና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ሙቀት የሚችል የሽቦ ማልበሻ። ሴንሰርና ስዊች የምለያየው አውቄ ነው። ሴንሰሩ ቁጥር ይነግራል፣ ስዊቹ ይፈርዳል። አንዱ ቢዋሽ ሌላው ይመሰክራል።

ደረጃ 3፦ ስዊቾቹን ሳትገጥሙ በፊት ፈትኑ

በዚህ ደረጃ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከሱቅ የመጣ ስዊች ላይ "98" ተብሎ ስለተቀረጸ በ98 ዲግሪ ይሠራል ማለት አይደለም።

ሙቀቱን ለመፈተን ሁሉም የሚያስበው ስዊቹን የፈላ ውሃ ውስጥ መንከር ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ አይሠራም። ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ብታነዱበትም ይተናል እንጂ አይሞቅም። በ98 የሚከፍት ስዊች እዚያ ውሃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ አይከፍትም። ልጅ ሆኜ የተማርኩበት ጋራዥ ውስጥ በዚህ ምክንያት ደህና ስዊች ሲጣል አይቻለሁ።

ስለዚህ በዘይት ፈትኑ። ደረቅ ትንሽ ድስት ውስጥ አዲስ የሞተር ዘይት አንድ ስኒ ያህል አድርጉ። ስዊቹን በሽቦ አንጠልጥሉት፣ የድስቱን ታች አይንካ። እስከ 150 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር ጫፉን ከስዊቹ አጠገብ አድርጉ። ቴስተሩን ድምፅ በሚያሰማበት ቦታ ላይ አኑሩትና በስዊቹ ሁለት ጫፎች ያዙ። ደጅ ላይ፣ በዝግታ አሙቁ፤ ዘይቱን በቀስታ አማስሉ፤ 115 ዲግሪ ከደረሰ አውርዱት። ጠብታ ውሃ እንዳይገባበት፣ ፊታችሁንም ራቅ አድርጉ። ድምፁ የሚቋረጥበትን ዲግሪ ጻፉ። አውርዱት፤ ሲቀዘቅዝ ድምፁ የሚመለስበትንም ጻፉ። ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። ሦስቱም ንባቦች በሁለት በሦስት ዲግሪ ውስጥ ከተቀራረቡ ስዊቹ ታማኝ ነው። አንዴ 94፣ አንዴ 103 የሚል ከሆነ መልሱት።

የዘይት ግፊት ስዊቹን የምፈትነው በአየር ነው። የጎሚስታ አየር ወይም ማኖሜትር ያለው የብስክሌት ፓምፕ ይበቃል። በጎማ ቱቦና በክላምፕ አያይዙት። ግፊት ሳይኖር ስዊቹ ዝግ ነው፤ ቴስተሩ ይጮኻል። አየር ስትሞሉ 1 ባር አካባቢ ድምፁ መቋረጥ፣ ስትለቁ ደግሞ መመለስ አለበት።

የሙቀት ሴንሰሩ በኦም ይለካል። በገበያ የተለመደው ዓይነት ሲሞቅ ኦሙ ይወርዳል፦ በ40 ዲግሪ 290 ኦም ገደማ፣ በ100 ዲግሪ ወደ 38 ኦም። እዚያው ዘይት ውስጥ ሁለት ሦስት ነጥብ ለኩና ሞጁሉ ውስጥ ከምትመርጡት ዓይነት ጋር አመሳክሩ። የተሳሳተ ዓይነት ከተመረጠ ሰሌዳው ላይ የሚታየው ቁጥር የሚያምር ውሸት ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ቦታቸውን ምረጡ

ሴንሰር የሚያውቀው የነካውን ብቻ ነው። የሙቀት ስዊች ውሃ ውስጥ ሲሆን የውሃውን ሙቀት ያውቃል፤ ውሃው ካለቀ በኋላ በእንፋሎትና በአየር መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ብረቱ እየነደደ እሱ ገና "ደህና ነው" ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ስዊቹን ከቴርሞስታቱ በፊት፣ በቴስታታው በኩል፣ ውሃ ከሚወጣበት አፍ አጠገብ የምገጥመው። ለዚህም ነው የውሃ መጠን መለኪያ ዘንግ የማልተወው።

ደጋ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ባለ 0.9 ባር የራዲያተር ክዳን በደንብ ከዘጋ፣ አዲስ አበባ ላይ ውስጡ ያለው ውሃ የሚፈላው በ114 ዲግሪ ገደማ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀና አየር ካሳለፈ ግን በ92 መፍላት ይጀምራል። ሞተሩ እየፈላ፣ ውሃ እየጎደለ፣ የሙቀት ስዊቹ 98ን ሳያይ ያልፋል። ይህን የሚይዘው የመጠን ዘንጉ ብቻ ነው። ዘንጉን በራዲያተሩ የላይኛው ጋን ጎን ላይ፣ ከዋናው የመሙያ ደረጃ አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ግጠሙ። የናስ ራዲያተር ከሆነ የራዲያተር ብየዳ ባለሙያ ዳዶ ያጣብቅላችኋል። ክዳኑንም በዚያው አጋጣሚ ቀይሩ፤ ዋጋው ከቴስታታ ጋር አይወዳደርም።

የዘይት ሴንሰሩና ስዊቹ ብዙ ጊዜ አንድ ቀዳዳ ይጋራሉ። ቲ ቅርጽ ያለው የናስ መጋጠሚያ በቀጥታ ሞተሩ ላይ አጥብቃችሁ፣ ከባዱን ሴንሰር ጫፉ ላይ አትስቀሉ። ንዝረቱ ናሱን ይሰብረዋል፤ ሲሰበር የሞተሩ ዘይት በሙሉ በዚያ ይረጫል። ሞተሩን ሊጠብቅ የተገጠመው ነገር ገዳዩ ይሆናል። አጭር የግፊት ቱቦ አውጡና መጋጠሚያውን ሻሲው ላይ ግጠሙ። አንድ ተርሚናል ብቻ ያለው ሴንሰር ኔጌቲቩን የሚያገኘው በአካሉ በኩል ስለሆነ፣ ቱቦው ላይ ከወጣ ከመጋጠሚያው ወደ ሞተሩ ብሎክ የኔጌቲቭ ሽቦ ሳቡለት። ጥርሱ ላይ የምትጠመጥሙት ነጭ ቴፕም ስስ ይሁን፤ ከበዛ ኤሌክትሪኩን ይከለክላል።

ደረጃ 5፦ ሽቦውን ዘርጉ

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ጀምሩ። ሪሌው ላይ ያሉት ቁጥሮች በመኪና ኤሌክትሪክ የምታውቋቸው ናቸው። ከባትሪ ፖዘቲቭ በቫልቮላ አድርጋችሁ ወደ 30 አምጡ። ከ87 ወደ ናፍጣ ሶሌኖይዱ በ2.5 ሽቦ ውሰዱ። 86 ከሞጁሉ የናፍጣ መውጫ፣ 85 ወደ ኔጌቲቭ። በ85 እና በ86 መካከል 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ባለ ነጭ መስመር ጫፉን ወደ 86 አድርጋችሁ አያይዙ፤ ሪሌው ሲለቅ የሚፈጥረው የቮልት ግርፋት ሞጁሉን እንዳይጎዳ ይይዘዋል። 87ኤ ባዶ ይቅር። ሁለተኛው ሪሌ በተመሳሳይ መንገድ የሞተሪኖውን ተርሚናል 50 ይመግባል።

ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ የሚገባው በቫልቮላውና በሁለቱ ሪሌዎች 30 መካከል ነው፤ ሲጫኑት የሚከፍተውን ኮንታክት ተጠቀሙ። እንዲህ ሲሆን ሞጁሉ ቢበላሽም፣ ሪሌው ቢጣበቅም፣ ማቆሚያውን የተጫነ እጅ ናፍጣውን ይቆርጣል። ከጄኔሬተሩ ቤት በር አጠገብ፣ ገብቶ ሳያጎነብሱ የሚደረስበት ቦታ ላይ ስቀሉት።

የዲናሞውን ዲ ፕላስ፣ አንዳንዱ ላይ 61 ተብሎ የተጻፈውን፣ ወደ ሞጁሉ የቻርጅ መግቢያ አድርሱ። ይህን "የባትሪ ጉዳይ ነው" ብሎ የሚያልፈው ባለሙያ ብዙ ነው። ቺንጊያው የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር ከሆነ ግን የቻርጅ መጥፋት ስለ ሙቀት የሚደርሳችሁ የመጀመሪያ ዜና ነው፤ ውሃው ከመሞቁ በፊት ይደርሳል። የዳቦ ቤቱን ሞተር ያድነው የነበረው ይኸው አንድ ሽቦ ነው። በእንዲህ ያለ ሞተር ላይ የቻርጅ መጥፋትን በማስጠንቀቂያ አልተወውም፤ ሞተሩን እንዲያቆም አደርገዋለሁ።

ሽቦዎቹ ከጭስ ማውጫው ይራቁ፣ በየ20 ሴንቲሜትሩ ይታሰሩ፣ ጫፋቸው ላይ ቁጥር ይለጠፍ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ምን ከምን እንደሚሄድ ካላወቀ የሚቀናው መቁረጥ ነው።

ደረጃ 6፦ ሞጁሉን አስተካክሉ

የሞተሩ መጽሐፍ ካለ ከእኔ ቁጥር በፊት እሱን ስሙ። ከሌለ እንዲህ እጀምራለሁ፦ የዘይት ግፊት 1.4 ባር ሲደርስ ማስጠንቀቂያ፣ 1 ባር ላይ ማቆም። ሙቀት 95 ላይ ማስጠንቀቂያ፣ 98 ላይ ማቆም። ፍጥነት 57 ሄርዝ ላይ ማቆም፣ ይህም በደቂቃ 1710 ዙር ማለት ነው። የውሃ መጠን ማነስ ሦስት ሰከንድ ከቆየ ማቆም፤ በንዝረት የሚወዛወዝ ውሃ እንዳያሳስተው ነው። ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ ግፊት እስኪያገኝ 10 ሰከንድ ታገሡት። ይህን ጊዜ ወደ ደቂቃ የሚያረዝም ሰው አለ። ዘይት የሌለው ሞተር በአንድ ደቂቃ ብሮንዚኑን ይጨርሳል፤ አታርዝሙት።

የሴንሰር ሽቦ መበጠስን "ማቆም" በሚለው ላይ አኑሩ። የዘይት ግፊት ስዊቹ ግፊት ሲጠፋ የሚዘጋ ዓይነት ስለሆነ የተበጠሰ ሽቦ አያሳውቅም። ስለዚህ ሞጁሉ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ስዊቹ ዝግ መሆኑን እንዲያይ የሚያደርግ ምርጫ ካለው አብሩት።

ደረጃ 7፦ ብልሽቱን ፍጠሩ

ሞተሩን አስነሡ፣ ያለ ጭነት ይሙቅ። አንድ ሰው ቀዩ ማቆሚያ አጠገብ ይቁም። ከዚያ አንድ በአንድ፦ የዘይት ግፊት ስዊቹን ሽቦ ንቀሉና ብሎኩን አስነኩት፤ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ናፍጣው መቆረጥ አለበት። አስነሡ። የሙቀት ስዊቹን ሽቦ ንቀሉ፤ ይቁም። አስነሡ። የውሃ ዘንጉን ሽቦ ንቀሉ፤ ይቁም። የሁለቱንም ሴንሰሮች ሽቦ በየተራ ንቀሉ፤ ይቁም። የዲ ፕላስን ሽቦ ከሞጁሉ በኩል ንቀሉ፤ ይቁም። የናፍጣውን ቫልቮላ ንቀሉ፤ ይቁም። ቀዩን ማቆሚያ ተጫኑ፤ ይቁም። ባትሪውን ግን ሞተሩ እየሠራ አትፍቱ፤ የዲናሞውን ዳዮዶች ያቃጥላል።

ለፍጥነቱ ሞተሩን እስከ 57 ሄርዝ አታስጩኹት። ሞጁሉ ላይ ገደቡን ለጊዜው ሞተሩ ያለ ጭነት ከሚያሳየው ሄርዝ ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ አኑሩ፣ ፍጥነቱን በእጅ ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ሲያቆም እዩና ገደቡን ወደ 57 መልሱ። መመለሱን ሁለት ሰው ይየው።

በየፈተናው ናፍጣው ከተቆረጠበት እስከ መጨረሻው ዙር ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። እየቆየ የሚሄድ ከሆነ ሶሌኖይዱ ጥብቅ አድርጎ አይዘጋም። ተርቦ ያለው ሞተር ደግሞ ተርቦው ዘይት አሳልፎ ሞተሩ በዚያ ዘይት ከነደደ፣ ናፍጣ መቁረጥ አያቆመውም። ያኔ የሚያቆመው አየሩን መዝጋት ብቻ ስለሆነ፣ አቅሙ ያለው ሰው የአየር መዝጊያ ቫልቭ ቢጨምር መልካም ነው።

ደረጃ 8፦ "ያስቸግራል" ሲባል

ከተገጠመ በኋላ ስልክ መደወሉ አይቀርም። አንድ አረጋዊ የሆቴል ባለቤት፣ "አንተ ልጅ፣ ይሄ የገጠምከው ነገር ሥራ አላሠራ አለኝ። በየሰዓቱ ያጠፋብኛል። ንቀልልኝ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ዛሬን ብቻ ይታገሡኝ" ብዬ ሄድኩ።

ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ጭነት ሰጥተን ሰዓት ካስኬድነው በኋላ ሰሌዳው 0.9 ባር አለና አጠፋ። ሴንሰሩን አላመንኩም፤ ፈታሁትና በቦታው የሜካኒካል ማኖሜትር ገጠምኩ። ማኖሜትሩ 0.8 አለ። ጠባቂው እውነቱን ነበር የሚናገረው። ካርተሩን አወረድን። ብሮንዚኖቹ ተበልተው ከሥር ያለው የመዳብ ቀለም ወጥቷል፤ ክራንክ ሻፍቱ ላይ ግን ገና ጭረት የለም። ብሮንዚን፣ ጋርኒሲዮንና ዘይት ተቀይሮ ሞተሩ በሦስተኛው ቀን ሥራ ጀመረ። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ክራንክ ሻፍቱን ቶርኖ ቤት ተሸክመን ነበር።

ጠባቂ ያለ ምክንያት የሚያጠፋበት ጊዜም አለ፤ የላላ ተርሚናል፣ የዛገ ኔጌቲቭ፣ ውሃ የገባበት መሰኪያ። ፍለጋው ግን ሁልጊዜ በማኖሜትርና በቴርሞሜትር ይጀምራል። መጀመሪያ ሞተሩ ደህና መሆኑ ይረጋገጥ፣ ሽቦው ከዚያ ይፈተሻል።

በመጨረሻ፣ ጄኔሬተሩ ቤት ግድግዳ ላይ ደብተር በገመድ አንጠልጥሉ፤ እስክርቢቶም አብሮ። በወር አንድ ቀን፣ የዘይት ስዊቹን፣ የሙቀት ስዊቹንና የውሃ ዘንጉን ሽቦ በየተራ በደረጃ 7 እንዳደረጋችሁት እየፈተናችሁ ሞተሩ እንዲያቆም አድርጉ፤ ቀኑን፣ ሲሞቅ ያነበበውን የዘይት ግፊትና የፈተነውን ሰው ስም ጻፉ። ሥራውን ለዘበኛው አስተምሩት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከሞተሩ ጋር የሚያድረው እሱ ነው። እኔ ያስተማርኩት አንዱ፣ አሁን ደብተሩ ላይ የዘይት ግፊቱ ከ2.6 ባር ወደ 2.1 መውረዱን አይቶ ደወለልኝ፤ ነገ ጠዋት ማኖሜትሬን ይዤ እሄዳለሁ።